ካባውን ያወለቀው ዳኛ

ጥብቅና ከጀመርኩ አሥራ አምስት ዓመት አልፎኛል። በዚህ ሁሉ ዘመን ዳኛ ለማባበል የሞከርኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም በስምንት ዓመቴ። ዳኛው ከመሃል ጣቴ ብዙም አይረዝምም ነበር። ዓይኑ የፈጠጠ፣ ሆዱ የተነፋ፣ ሰፊ ጥቁር ጅራቱን ከኋላው የሚጎትት፣ አርባ ሊትር ውሃ በሚይዝ አኳሪየም ውስጥ የሚኖር ዓሣ ነው።

የሾሙት አባባ ናቸው። አባባ የአባቴ አባት ሲሆኑ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፍርድ ቤት በር ላይ ቆመው የባለጉዳይ ስም ሲጠሩ ኖረዋል። ያን ሁሉ ዘመን የሰው ክስ ሲያስገቡና ሲያስወጡ ለራሳቸው ግን አንድም ክስ አልነበራቸውም፤ ይህ ሳይቆጫቸው አልቀረም። ጡረታ በወጡ በወሩ ዓሣውን ገዙና ቤት ውስጥ ችሎት ከፈቱ። ካባውን ለብሶ የተወለደ ዳኛ ከየት ይገኛል፣ ይሉ ነበር። በዚያው ስሙ ዳኛው ሆኖ ቀረ።

ችሎቱ የሚሰየመው እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ ነው። አባባ ከአኳሪየሙ በቀኝ፣ እናቴ በግራ ይቆማሉ። አባባ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው ከሳሽንና ተከሳሽን ይጠራሉ፤ ቤት ውስጥ ከሦስታችን ሌላ ሰው የለም፣ ድምፃቸው ግን ጎረቤት ያስበረግጋል። ክሱ ይሰማል፣ መልሱ ይሰማል፤ ከዚያ የችሎቱ ጸሐፊ፣ ማለትም እኔ፣ ወንበር ላይ ወጥቼ ቆንጠር ያለ ምግብ መሃል ላይ ጣል አደርጋለሁ። ዳኛው ወደ ምግቡ ከቀኝ ከመጣ ለአባባ ፈረደ፤ ከግራ ከመጣ ለእናቴ።

“ጸሐፊ፣ ከየት መጣ?” ይሉኛል አባባ።

እኔ ያየሁትን እናገራለሁ፤ ፍርዱ ይጸናል። ይግባኝ የለም።

ከዚህ ችሎት ውጪ አባባና እናቴ አይነጋገሩም ነበር። ሥራ በሚበዛበት ቀንም ቢሆን አንዱ ለሌላው የሚናገረው በዳኛው በኩል ነው። “ክቡር ዳኛ፣ ተከሳሽ የጸጉር ማድረቂያዋን ስትከፍት ዜና አላሰማ ብላኛለች።” “ክቡር ዳኛ፣ ከሳሽ ሬዲዮናቸውን ወደ ውስጥ ቢያስገቡት ሁላችንም በሰላም እንኖራለን።” ዳኛው አፉን ከፈት ዘጋ እያደረገ ሁለቱንም ይሰማል። እኔ ቤተሰብ ሁሉ እንዲህ የሚኖር ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ጓደኛዬ ቤት ሄጄ እናትና አባቷ ፊት ለፊት ሲጨቃጨቁ ባይ፣ ዳኛ መግዣ ቸግሯቸው ነው ብዬ አዘንኩላቸው።

የሁሉም ነገር ጦስ የፊተኛው ክፍል ነው። ክፍሉ መንገድ ዳር ነው፤ ሰፊ መስኮት አለው፤ ቀኑን ሙሉ ብርሃን አይለየውም። እናቴ ጸጉር ሠሪ ናት። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ አባባ አክስቴን ሊጠይቁ ሄደው ሁለት ሳምንት ቆይተው ሲመለሱ፣ ሲቀመጡበት የኖሩት ክፍል የሴቶች ጸጉር ቤት ሆኖ ጠበቃቸው። እሳቸው ሬዲዮ በሚሰሙበት ጥግ ጸጉር ማጠቢያው ተተክሏል፤ ግድግዳውን መስተዋት ሞልቶታል። ለእናቴ የፈቀደላት አባቴ ነው። አባቴ ግን የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ፈቅዶ መንገድ ወጣ፤ የፈቃዱን ጣጣ እናቴ ብቻዋን ታቀፈችው። አባባ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ አልጋቸውንና ዳኛውን ይዘው ወደ ኋለኛው ክፍል ገቡ።

በሚቀጥለው እሑድ ክስ መሠረቱ። የፊተኛው ክፍል ይመለስልኝ ነው ክሱ። ቤቱ የሳቸው ነው፤ ክርክር አያሻውም። ግን አባባ ራሳቸው በየሳምንቱ ቀጠሮ ይሰጡ ነበር። ስለ ሬዲዮ፣ ስለ ጨው፣ ስለ በር መዝጊያ ያለው ሁሉ በየተራው ይፈረዳል፤ ወደ ክፍሉ ጉዳይ ሲደረስ አባባ “ለዛሬ አልደረሰም” ብለው ይነሳሉ። እናቴ ያን እሑድ ራት አትበላም። ደንበኞቿን ስትሠራ፣ ከዚህ ካስወጡኝ መንገድ ዳር ሌላ ክፍል የት አገኛለሁ፣ ማን ጓዳ ድረስ ገብቶ ጸጉሩን ይሠራል፣ ስትል እሰማ ነበር። ስለዚህ ዳኛው አንድ ቀን በየት በኩል እንደሚመጣ ማሰብ የኔም ሥራ ሆነ።

አባባ ሁለቱንም ዓይናቸውን ቀዶ ጥገና ሊደረግላቸው ሆስፒታል የሚገቡበት ቀን ደረሰ። ተራ በተራ ስለሚሠራ፣ ስኳራቸውም መውረድ ስላለበት፣ አምስት ሳምንት ሆስፒታሉ አጠገብ ባለችው አክስቴ ቤት ሊቆዩ ነው። እኔ የገባኝ ዓይናቸው ሊታጠብ እንደሚሄድ ነው። ሻንጣቸውን ይዘው በር ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው፣ በተመለሱ በመጀመሪያው እሑድ ስለ ፊተኛው ክፍል የመጨረሻው ፍርድ እንደሚሰጥ፣ ሁለቱም ወገን እንዲዘጋጅ አሳወቁ። ዳኛውን ለኔ አደራ ሰጡኝ። እናቴ ሻንጣውን ልትቀበላቸው እጇን ዘርግታ ነበር፤ እጇን አላዩትም። ሆን ብለው የናቋት መስሎኝ በሳቸው አፈርኩ።

በሄዱ በሦስተኛው ቀን ጠዋት የሰፈሩ ትራንስፎርመር ጓ ብሎ ፈነዳና መብራት ጠፋ። ማድረቂያው ቆመ፤ ሬዲዮው ቆመ፤ የአኳሪየሙ አየር ማስገቢያ ፓምፕም ያን ሁልጊዜ የማይቋረጥ ጉርርታውን አቆመ። ቤቱ ጭር ሲል ደስ አለኝ። ከሰዓት በኋላ ዳኛውን ለማየት ስሄድ ከውሃው አናት ላይ ወጥቶ፣ አፉን ወደ ላይ ቀስሮ፣ ቶሎ ቶሎ ሲከፍትና ሲዘጋ አገኘሁት። ሁለት ዓመት ዝም ያለ ዳኛ በመጨረሻ ሊናገር ነው። ፍርዱን እየተለማመደ ነው። ጆሮዬን ውሃው ላይ ደቅኜ ትንሽ ሰማሁና፣ እማዬ ነይ፣ ዳኛው እያወራ ነው፣ ብዬ እየጮህኩ ሮጥኩ።

እናቴ መጥታ አየችው። ፊቷ ሲለዋወጥ ፍርዱ ለሷ እንዳልሆነ ጠረጠርኩ።

ዳኛው አየር አጥሮት ነበር። ይህን ዛሬ ማንም ልጅ ያውቀዋል፤ ያኔ ግን እኔ የማውቀው ዓሣ ውሃ እንጂ አየር እንደማይፈልግ ነው። እናቴ ስልኳን አንስታ ዓሣውን ለሸጠላቸው ሰውዬ ደወለች። ከወዲህ ያለው ንግግር ብቻ ነው የሚሰማኝ። “ጸጉር ላይ የማደርገውን? … እሺ፣ የኔ አይሆንም፣ ክሬምና ሽቶ አለበት … ለቁስል የሚሸጠውን … ሦስት በመቶ … ለአርባ ሊትር ስንት? … መርፌውን ነቅዬ። … እሺ። ከበዛ ይገድለዋላ?” ስልኩን ዘግታ መድኃኒት ቤት ላከችኝ። ይዤ የመጣሁት ስሪንጅና ቡናማ ጠርሙስ ነው፤ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን በመንገድ ላይ ፊደል እየቆጠርኩ አነበብኩት፤ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ። ይህን ረጅም ቃል አውቀዋለሁ። በእናቴ መደርደሪያ ላይ ባለው የጸጉር ማፍኪያ ጠርሙስ ላይም አለ፤ ማንበብ የተማርኩ ሰሞን ለደንበኞች እያነበብኩ ከረሜላ ተሸልሜበታለሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። እናቴ ጓንቷን አጠለቀች። መርፌ በሌለው ስሪንጅ አራት ሚሊ ሊትር ለካች፤ ወደ ብርሃን አንስታ ደግማ አየችው። ዳኛው ከሌለበት ጥግ ቀስ አድርጋ፣ ጠብ ጠብ እያደረገች ውሃው ውስጥ ጨመረችው። ከዚያ ቀለም የተቀባች ሴት ስትኖር የምታስጮኸውን ትንሽ ሰዓት ሞላችና አጠገቡ አስቀመጠችው። ጥቂት ቆይቶ ከጠጠሩ መሃልና ከሣሮቹ ቅጠል ላይ ደቃቅ አረፋዎች ተነሱ። እነዚያን አረፋዎችም አውቃቸዋለሁ፤ ጉልበቴ ሲላጥ ቁስሌ ላይ ሲፈሉ አይቻቸዋለሁ።

ለእናቴ ግልጽ የነበረው ለኔ ጨርሶ አልገባኝም። ያ ውሃ ሲፈርስ ኦክስጅን ይለቃል፤ ፓምፑ ከውጭ ያስገባው የነበረውን እሷ ከጠርሙስ እያስገባችለት ነው። ልኩ ካለፈ ደግሞ መተንፈሻውን ያቃጥለዋል። እኔ ግን ጓንቱን አይቻለሁ፣ ጠርሙሱን አንብቤያለሁ፣ ሰዓቱን ሰምቻለሁ። እናቴ የዳኛውን ጸጉር እያፈካች ነው። ጸጉር ስለሌለው ቆዳውን።

ለምን እንደሆነም ለማወቅ ጊዜ አልፈጀብኝም። በእናቴ ወንበር ላይ ተኮሳትራ የምትቀመጥ ሴት ሁሉ ጸጉሯ ፈክቶ ስትነሳ እናቴ ያለችውን ሁሉ ትቀበላለች። መስተዋት ፊት ዞር ዞር እያለች፣ ልክ ነሽ፣ እውነትሽን ነው፣ ትላለች። አባባ ደግሞ ስለ ጉቦኛ ዳኞች ብዙ አጫውተውኛል፤ አንዱ በፍየል፣ አንዱ በሰዓት፣ አንዱ በሚስቱ ጫማ። ነገሩን አንድ ላይ ሳጋጥመው ቁልጭ አለልኝ። እናቴ ለዳኛው ጉቦ እየሰጠች ነው። ብልህ መሆኗን አውቅ ነበር፤ ይህን ያህል ትሆናለች ብዬ ግን አልገመትኩም። ደስታዬን የማደርግበት አጥቼ ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞርኩት።

ጥርጣሬ ቢኖረኝ እንኳ ነርሷ አጠፋችልኝ። ነርሷ አባባ የሚታከሙበት ሆስፒታል የምትሠራ የእናቴ ደንበኛ ናት። በማግስቱ ጸጉሯን ልትቀባ መጣች፤ ቀለሙ እስኪይዝ ጭንቅላቷን በላስቲክ ጠቅልላ ተቀመጠች። አሁን መስተዋቱ ሥር ሁለት ሰዓት ይቆጥራል፤ አንዱ ለነርሷ፣ አንዱ ለዳኛው። የዳኛው ሲጮህ እናቴ ትሮጣለች፤ የነርሷ ሲጮህ ትመለሳለች። ሁለት ደንበኛ ባንድ ጊዜ ስታስተናግድ ማየት ያኮራ ነበር። መሃል ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

“ለሳቸው ግን ትንፍሽ እንዳትዪ” አለች ነርሷ።

“ምን ቆርጦኝ” አለች እናቴ።

ነርሷ ቀጥላ ስለ ዓይን ግፊት፣ ከተናደዱ ቀዶ ጥገናው ስለመተላለፉ አወራች። ከዚያ ደግሞ፣ ሐኪሙ እኮ ገርሞታል፣ እስከዛሬ እንዴት ግድግዳ ሳይመታቸው ኖሩ አለ፣ አለች። እናቴ ማበጠሪያዋን እንደያዘች ቀረች። እኔ የያዝኩት የመጀመሪያውን ነው፤ ለሳቸው አይነገርም። ምስጢሩ የሦስታችን ነው፤ እነሱ እኔን እንደሚጨምር ባያውቁም።

መብራት አራት ቀን ጠፍቶ ቆየ። ሠርግ የበዛበት ሰሞን ነበር፤ እናቴ ሁለት ሙሽሮች ከነሚዜዎቻቸው ተቀብላለች። ጄኔሬተር ያላት ባልደረባዋ፣ ሙሽሮችሽን ይዘሽ ነይ፣ እኔ ቤት ሥሪያቸው ብላ ላከችባት። እናቴ ጥቂት አሰበችና ሙሽሮቹን ብቻ ላከቻቸው። እሷ አኳሪየሙ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጣ በሰዓቷ ስትለካ፣ በጠብታ ስትጨምር፣ በመሃል ደግሞ በኩባያ እየቀዳች ከፍ አድርጋ መልሳ ስታፈስ ዋለች። ኩባያውን ተቀብዬ አገዝኳት። ውሃው ሲንቦራጨቅ ፊታችን ላይ ይረጫል፤ ሁለታችንም እንስቅ ነበር። በሕይወቴ ከዚያ የተሻለ ወንጀል ሠርቼ አላውቅም።

በአምስተኛው ቀን መብራት መጣ፤ ፓምፑ ጉርር አለ፤ ዳኛው ወደ ታች ወርዶ ጠጠሩን መልቀም ጀመረ። እናቴ ጠርሙሱን ክዳኑን አጥብቃ መደርደሪያ ላይ አወጣችው። ዳኛው ግን እንደ ጥላሸት ጠቁሮ ነበር። ሥራው ገና ሳይጀመር ያለቀ መሰለኝ። እናቴ ደክሟት ነው፣ ልጅ ለመቼ ነው የሚወለደው አልኩና ሥራውን ተረከብኩት። እሷ ገበያ ስትወጣ ወንበር እደግፋለሁ፣ ጓንቷን አጠልቃለሁ (እስከ ክርኔ ይደርሳል)፣ ስሪንጁን እሞላለሁ፣ ጠብ ጠብ አደርጋለሁ። ሰዓትም እሞላ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ሆዱ ሥር የጥፍሬን ያህል ወርቅማ ነገር አየሁ። ዓይኔን አሽቼ ደግሜ አየሁ። አለ። አልጋ ላይ ወጥቼ ዘለልኩ፣ ከአልጋ ወርጄ ዘለልኩ፤ ትምህርት ቤት ቀኑን ሙሉ ብቻዬን ስስቅ ዋልኩ። በሳምንቱ ሆዱ በሙሉ ወርቅ ሆነ። ቀጥሎ ጉንጩ። ቀጥሎ ጎኑ። ማቆም ነበረብኝ፤ አቆምኩም። እሱ ግን አላቆመም። እናቴ አንድ ቀን አየችውና፣ ውይ፣ እንዴት አምሮበታል፣ ብላ ብቻ አለፈች። ዓይኗን በጨው አጥባ እንዲህ ማለቷ ገረመኝ።

አባባ ሊመጡ አምስት ቀን ሲቀራቸው ዳኛው ከጅራቱ ጫፍ በስተቀር የለበሰውን ካባ በሙሉ አውልቆ ነበር። ያን ጊዜ ነው ሳቄ የከዳኝ። አባባ ዓይናቸው ታጥቦ ነው የሚመጡት። ጉቦ የበላ ዳኛ እንዲህ ከሩቅ ካስታወቀ እናቴ ክፍሏን ታጣለች፤ ያስያዝኳት ደግሞ እኔ ነኝ፤ እሷ በልክ የጀመረችውን እኔ ከልክ አሳለፍኩት። ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ ከጸጉር ቤቱ አንድ ቱቦ ጥቁር ቀለም ይዤ ወደ አኳሪየሙ ሄድኩ። እናቴ በሩ ላይ አገኘችኝ። አንዴ ቱቦውን፣ አንዴ እኔን አየች፤ ምንም ሳትጠይቅ ከእጄ ወሰደችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀለሞቹ ቁልፍ ተበጀላቸው።

የፈሩት ይደርሳል። አባባ ቅዳሜ ጥቁር መነጽር አድርገው መጡ። ከመኪናው ወርደው መንገዱን፣ በሩን፣ የኔን ፊት ቀስ እያሉ አዩ። ጥርስሽ መቼ ወለቀ፣ አሉኝ። የወለቀው ከስድስት ወር በፊት ነው። እሑድ ከምሳ በኋላ ችሎት ተሰየመ። አባባ በቀኝ፣ እናቴ በግራ፣ እኔ ወንበር ላይ። አባባ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጉዳዩ የፊተኛው ክፍል መሆኑን አሳወቁ፤ ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ወደ አኳሪየሙ ጠጋ አሉ።

ጠጋ እንዳሉ ቆዩ። ዳኛው ዞር አለላቸው፤ ጎኑ ከመብራቱ ሥር ቦግ አለ።

“ለካስ ወርቅ ኖሯል” አሉ አባባ። ድምፃቸው ችሎት ላይ የማውቀው ድምፅ አልነበረም። ቀጥለው ፈቀቅ አሉና ኮታቸውን ቆለፉ። “ክቡር ዳኛ፣ ይቅርታዎን እለምናለሁ። እስከዛሬ ጥቁር እያልኩ የጠራሁዎት ዓይኔ አጥፍቶ ነው።”

እናቴ አቀርቅራ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ዛሬ ሳስበው ሳቋን ልትይዘው ስትታገል ነው፤ ያኔ ግን ጸጸት አንገብግቧት የምታለቅስ መሰለኝ። እናቴ ስታለቅስ ዝም ብዬ ማየት አልችልም። አባባም ንጹሕ ዓይናቸውን ሲወቅሱ መስማት አልቻልኩም። ወንበሩ ላይ እንደቆምኩ ፈነዳሁ።

“ዓይንዎ አይደለም አባባ፣ እኛ ነን። ጉቦ ሰጥተነዋል።”

አባባ ወደኔ ዞሩ። ለረጅም ጊዜ አዩኝና፣ ምስክር ቃሏን ትስጥ፣ አሉ።

ሰጠሁ። አንድም አላስቀረሁም። መብራት አራት ቀን መጥፋቱን፣ ዳኛው ወደ ላይ ወጥቶ ማውራቱን፣ እናቴ ጓንት አጥልቃ በስሪንጅ ጸጉር የሚያፈካ ውሃ መጨመሯን፣ በየሰዓቱ መለካቷን፣ በርጩማ ላይ ሆና አራት ቀን ከአጠገቡ አለመነሳቷን፣ ሁለት ሙሽሮች ለሰው መስጠቷን፣ በኩባያ ውሃ ማፍሰሳችንን፣ ለአባባ እንዳይነገር ከነርሷ ጋር መማከሯን፣ ከዚያ እኔ ተረክቤ ማብዛቴን። እያንዳንዱን የተናገርኩት ጥፋት ነው ብዬ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ መከላከያ ምስክር ችሎት ፊት አቁሜያለሁ፤ የዚያን ያህል ለተከሳሽ የመሰከረ ግን አንድም የለም።

አባባ እናቴን አዩ። ዳኛውን አልፈው፣ በቀጥታ እሷን።

“አራት ቀን?” አሏት።

“አራት ቀን ነው አባባ” አለች እናቴ እንባዋን እየጠረገች። “ማፍኪያ አይደለም፤ ለቁስል የሚሆነው ነው። አየር አጥሮት ነበር። እየለካሁ ትንፋሽ ሰጠሁት። ቀለሙ እንኳ ከዚህ ጋር አይገናኝም፤ እንዲህ ዓይነቱ ዓሣ ሲያድግ ጥቁሩን የሚጥል አለ አለኝ ሻጩ። ልጅቷ …” አለችና ሳቁ አሸነፋት።

“ሙሽሮቹስ?”

“ሌላ ጋ ተሠሩ።”

አባባ ከአኳሪየሙ ጠርዝ ላይ እጃቸውን አሳረፉ። ከዚያ እኔ የችሎቱ ጸሐፊ ሆኜ ሁለት ዓመት ያልመዘገብኩትን ነገር ተናገሩ።

“ክፍሉን የፈለግኩት ሥራሽን ጠልቼ አይደለም። መስኮቱን ነው። ሽማግሌው ታወረ መባል ፈራሁ። እዚህ ጓዳ ከገባሁ ዳኛውን አይቼው አላውቅም፤ ይቺ ልጅ ከግራ ካለች ከግራ፣ ከቀኝ ካለች ከቀኝ ነው።”

“ጸሐፊ፣ ከየት መጣ?” የሚሉኝ ለወጉ ይመስለኝ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ በኔ ዓይን ሲከራከሩ ኖረዋል። ያን የተዘረጋ እጅም አልናቁትም፤ አላዩትም። ይህን ሁሉ የተረዳሁት ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ያን ቀን የገባኝ አንድ ነገር ነው፤ ማንም አልተቆጣም። እናቴ የዓይናቸውን ነገር ማወቋን ተናገረች፤ ነርሷ ካወራቻት ጀምሮ እንደምታውቅ፣ ሲመለሱ ክፍሉን ልትለቅላቸው መስተዋቶቹን የሚፈታ ሰው ማነጋገሯን። አባባ፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል አሉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ጎረቤት በሚሰማው ድምፃቸው፣ ከሳሽ ክሱን አንስቷል፣ መዝገቡ ተዘግቷል አሉ። ምግቡን ልጣለው ወይ ስላቸው፣ ጣይለት፣ የፈለገበት ይምጣ፣ አሉኝ።

ስለኔ ወንጀል የመጨረሻውን ማስረጃ ያገኘሁት የሕግ ትምህርቴን በጨረስኩ ቀን ነው። እናቴ በጆሮዬ፣ ያ ጠርሙስ እኮ አንቺ መጨመር በጀመርሽ በሁለተኛው ቀን የቧንቧ ውሃ ሆኗል፣ አለችኝ። የጠርሙሱ ልክ መጉደሉን አይታ፣ እውነተኛውን ደብቃ፣ ውሃ ሞልታ እጄ በሚደርስበት አስቀምጣልኛለች። ዓሣውንም እኔንም ከኔ አዳነችን።

ሰኞ ጠዋት ጸጉር ቤቱ ሞልቶ ነበር። አባባ ፎጣ አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው ከኋለኛው ክፍል ወጡ። ሐኪሙ ለሦስት ሳምንት እንዳያጎነብሱ፣ ዓይናቸው ውስጥ ጠብታ ውሃ እንዳይገባ አስጠንቅቋቸዋል፤ ራሳቸውን ከታጠቡ ሰንብተዋል። ሴቶቹ ወሬያቸውን አቆሙ። አባባ መስኮቱን አዩ፣ መስተዋቶቹን አዩ፣ መስተዋት ውስጥ ራሳቸውን አዩና ሽበታቸውን በእጃቸው ደባበሱት።

“ልጄ፣ ወረፋው የማን ነው?” አሉ።

እናቴ ማበጠሪያዋን እንደያዘች ዘወር አለች። ልጄ ብለዋት አያውቁም።

“ከነርሷ ቀጥሎ ነዎት አባባ” አለች።

አባባ ሁለት ሴቶች መሃል ተቀምጠው አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቁ፤ የሙሽራ ፎቶ ያለበት መጽሔት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አገላበጡ፣ ትንንሹን ጽሑፍ ጮክ ብለው እያነበቡ። ተራቸው ሲደርስ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተጋደሙ። እናቴ ዓይናቸውን በደረቅ ፎጣ ሸፈነች፤ ውሃውን በእጇ ጀርባ ለካች፤ ከግንባራቸው ወደ ኋላ እያፈሰሰች ማጠብ ጀመረች። ጥቂት እንደቆዩ ከፎጣው ሥር ድምፃቸው ተሰማ።

“ትንሽ ሞቅ ይበል ልጄ።”

እናቴ ውሃውን በእጇ ጀርባ ደግማ ለካችው። ከዚያ ሙቁን ውሃ ጨመረችላቸው።